ከቀለሙ ላይ አንድ ዲግሪ

ሙሉቀን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የደከመበት ሥራ በመጨረሻ በአንድ ወረቀት ላይ ወደ ተሳሉ ሁለት መስመሮች ተጠቃሎ ነበር፤ ሁለቱ መስመሮች ግን አልገጠሙም። ሰማያዊው እርሱ ራሱ በስሌት ያወጣው ነው። ቀዩ በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ካለው የእትዬ አባይነሽ ወፍጮ ቤት በሴንሰር ለክቶ ያመጣው ነው። ንዝረቱ ከፍ በሚልበት ነጥብ ላይ ሰማያዊው አንድ ነጥብ ሁለት ሲል፣ ቀዩ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ይላል። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። እንዲህ ያለ ልዩነት «ጥቂት መዛነፍ» በሚል ስም ተሸፋፍኖ የሚታለፍ አልነበረም።

ሙሉቀን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሐዋሳ ውስጥ ባለ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምሕንድስና ረዳት መምህር ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን እያስተማረ ሲማር የማስረከቢያው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞለታል። የትምህርት ክፍሉ በግንቦት ወር በጻፈለት ደብዳቤ፣ የመመረቂያ ጥናቱን እስከ ሰኔ ሃያ፣ ዓርብ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ካላስገባ የመምህርነት ውሉ እንደማይታደስ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስታውቆታል። ሙሉቀን ያንን ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቀዋል።

የጥናቱ ርእስ ሲነበብ ይከብዳል እንጂ ነገሩ ለሚያስተውል ሰው ቀላል ነው። ከወፍጮው ሞተር ኃይል ተቀብሎ ለወፍጮው የሚያደርስ አንድ የብረት ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ ሁለት ባለ ጥርስ ብረቶች ይናከሳሉ፤ ትንሹን ፒኞን፣ ትልቁን ኮሮና ይሏቸዋል። ጥርሶቻቸው ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ሰያፍ ናቸው። ሰያፍ የሆኑበትም ምክንያት አለው። ቀጥ ያለ ጥርስ ሸክሙን በአንድ ጊዜ ተቀብሎ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ስለዚህ ይጮኻል። ሰያፍ ጥርስ ግን ከአንድ ጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ይቀበላል፤ አንደኛው ጨርሶ ሳይለቅ ሌላው ይይዛል። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች መንገድ ሳያቋርጡ ትከሻ እንደሚቀያየሩ ማለት ነው። ብረትም ቢሆን ሲጫኑት በዓይን በማይታይ መጠን ይለምጣል። ጥርስ ከጥርስ ሲናከስ ምን ያህል ለመለመጥ እምቢ እንደሚል የንክሻው ግትርነት ይባላል። ይህ ግትርነት ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ሣጥኑ ይንቀጠቀጣል። ሙሉቀን በኮምፒዩተሩ ውስጥ እያንዳንዱን ጥርስ እንደ ዳቦ ስድሳ ቦታ ቆራርጦ፣ እያንዳንዱን ቁራሽ እንደ አንድ ሞላ ቆጥሮ፣ የስድሳውን ሞላ ድምር በእያንዳንዱ ቅጽበት እየደመረ ንዝረቱን ይተነብያል። ሞዴሉ «ይህ ሣጥን ጸጥተኛ ነው» ብሎታል። ሣጥኑ ግን ጸጥተኛ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቢሮው ተቀምጦ ሁለቱን መስመሮች ሲመለከት፣ ቢሮ የሚጋራው ሔኖክ ከኋላው መጥቶ አንገቱን አሰገገ።

«አሁንም ተኳርፈዋል?»

«አሁንም።»

«አስታርቃቸዋ! ሽማግሌ ላክ።» ሔኖክ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ስማኝ፣ የማርገቢያ ቁጥርህ ስንት ነው?»

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሰባት።»

የማርገቢያ ቁጥር ማለት ዘይቱና ብረቱ ንዝረቱን ምን ያህል እንደሚያበርዱት የሚገልጽ ቁጥር ነው። በቀጥታ ለመለካት አስቸጋሪ ስለሆነ ብዙ ሰው ከመጽሐፍ ይወስደዋል።

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት አድርገው» አለ ሔኖክ። «ሰማያዊህ ተነሥቶ ቀዩን ይስመዋል። ማርገቢያ እኮ የምሕንድስና በርበሬ ነው፤ ወጡ እስኪስማማህ ትጨምራለህ፣ ትቀንሳለህ።»

«ምክንያቱስ ምን ተብሎ ይጻፋል?»

«‹ከቀደሙ ጥናቶች የተወሰደ› በላ። የትኞቹ ብሎ የሚጠይቅህ ካለ፣ እርሱ ራሱ ተመርቆ አያውቅም ማለት ነው።»

ሙሉቀን አልሳቀም። ሔኖክ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ግን ቁጥሩን ለወጠው። ሰማያዊው መስመር ተነሥቶ ሦስት ነጥብ ስምንት ደረሰ። በገጽ ስድሳ አንድ ላይ ሥዕሉን አስገባ፤ ከሥሩም ሔኖክ ያለውን ቃል ጻፈ። ተማሪዎቹ ያልለኩትን ቁጥር በላቦራቶሪ ሪፖርት ላይ ጽፈው ሲያገኝ ወረቀታቸውን ለሁለት ቀድዶ የሚመልስ መምህር ነበር። ያን ዕለት የገዛ ራሱን ወረቀት አልቀደደም፤ በጥንቃቄ አትሞ፣ ጠርዙን አስተካክሎ፣ በፖስታ አድርጎ ለአማካሪው ለዶክተር ሰብለ ላከ።

ሰኞ ጠዋት ዶክተር ሰብለ አስጠራችው። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። ጥናቱ በጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቷል፤ የተገለጠው ገጽ ስድሳ አንድ ነው።

«በጣም ተስማምቷል» አለችው።

«አዎን፣ ዶክተር።»

«ባለፈው ወር አልተስማማም ነበር።»

«አንዳንድ ግብዓቶችን አሻሽዬ ነው።»

መነጽሯን አውልቃ ተመለከተችው። «ጥርሱን አይተኸዋል?»

«ሴንሰሩን ከሣጥኑ ውጭ በማግኔት ለጥፌ አሥራ አንድ ጊዜ...»

«ስለ ሴንሰሩ አልጠየቅሁህም። ጥርሱን አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ። በዓይንህ።»

«አላየሁም።»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስለ ጥርስ የጻፈ ሰው ጥርሱን ሊያይ ይገባል። አይተህ ረቡዕ ና፤ ያን ጊዜ እፈርማለሁ።»

የፈራው ሌላ ጥያቄ ነበርና ከቢሮዋ ሲወጣ ቀለል ሊለው በተገባ ነበር፤ አልቀለለውም።

ማክሰኞ ማለዳ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ወረደ። ወፍጮ ቤቱ ሞልቶ ነበር፤ ከቡሹሎ በኩል በጋሪ የመጣ በቆሎ በበሩ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። እትዬ አባይነሽ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ በሚዛኑ አጠገብ ቆማለች። በሥራ ላይ ሳለች ከሞተሩ ጩኸት በላይ መዝሙር ታዜማለች፤ ድምፅዋም ሞተሩን ያሸንፈው ነበር።

«መምህር! ዛሬም ያንን ብረትህን ልትለጥፍብን ነው?»

«ዛሬስ ክዳኑን ከፍቼ ጥርሱን ማየት ፈልጌ ነበር፣ እትዬ።»

«ክዳኑን!» ወደ ወረፋው ዞረች። «ሰማችሁ? ወፍጮዬን አቁሜ ጥርስ ላሳየው ነው። ጥርስ ማየት ካማረህ የጥርስ ሐኪም ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ እነሆ!»

ወረፋው ሳቀ። ሙሉቀን መልስ ሲፈልግ ሞተሩ እንደ ደከመው ሰው ቃተተና ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ቆመ። አምፖሉም ጠፋ። መብራት ሄዷል።

እትዬ አባይነሽ ወደ ጣሪያው አየት አድርጋ እጆቿን አራገፈች። «መብራት ኃይል ካንተ ወገን ሆነ። በል፣ እስኪመጣ ያንተ ነው። ግን ያንን ሣጥን ጋሽ ክብሩ ሳይኖር ማንም አይነካውም። ስልክ ልደውልለት።»

ጋሽ ክብሩ ለመምጣት አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ብረት የሚቆርጥበት ቶርኖ ቤቱ ከወፍጮ ቤቱ በስተጀርባ በአምስት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው። በሥራ ቀን ሰማያዊ ቱታ፣ እሑድ ደግሞ ሽማግሌ ሆኖ በሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ልብስ ይለብሳል፤ ሁለቱም በእኩል የተተኮሱ ናቸው። መፍቻዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። የወፍጮው ፒኞን ባለፈው ዓመት ሲሰበር አዲሱን የቆረጠው እርሱ ነው።

«አንተ ነህ መምህሩ?» አለ፣ ሙሉቀንን ከላይ እስከ ታች እየቃኘ። «ደጃፌን አሥራ አንድ ጊዜ አልፈህ ሄደሃል። ቆጥሬሃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ‹እንደምን አደሩ› የለም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ ክብሩ። የቆረጡት እርስዎ መሆንዎን አውቃለሁ፤ ግን...»

«ግን መጽሐፍ አለህ። ያዝ እስቲ ይህቺን።»

ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትቶ በቅደም ተከተል በጨርቁ ላይ ደረደራቸው። ክዳኑ ሲነሣ ትኩስ ዘይት ሸተተ። ጋሽ ክብሩ ፒኞኑን በጨርቅ ወልውሎ የስልኩን ብርሃን አበራበት። ሁለቱም ጎንበስ አሉ።

የጥርሱ ስፋት ስድሳ ሚሊሜትር ነው። ከስድሳው ውስጥ በቀኝ ጫፍ በኩል ያለው ሃያ ብቻ እንደ መስተዋት ያበራል። በቀረው አርባ ላይ የመቁረጫው ጭረት ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ እንዳለ ነው። አንዱን ጥርስ አዩ፤ ሁለተኛውን አዩ፤ ፒኞኑን እያዞሩ ሃያ አምስቱንም አዩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ቃሬዛውን የተሸከመው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ እጃቸውን ጣል አድርገው አብረው ይሄዳሉ እንጂ አልተሸከሙም። ሙሉቀን ደግሞ በሞዴሉ ውስጥ ስድሳዎቹን ሞላዎች በሙሉ ተሸካሚ አድርጓቸዋል።

ጋሽ ክብሩ ዘንጉን ጨብጦ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀ። «ዘንጉን የያዘው ኩሽኔታ ደህና ነው» አለ ለራሱ። ከደረት ኪሱ መለኪያ አውጥቶ በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለካ። እኩል ነው። ዘንጎቹ አልተዛነፉም። እንግዲህ የተዛነፈው ጥርሱ ራሱ ነው። አውራ ጣቱን ባበራው ክፍል ላይ አስኬደ።

«ምንድነው? ተበላሸብኝ?» አለች እትዬ አባይነሽ።

ጋሽ ክብሩ ቀና አለ። ከበቆሎው አጠገብ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ ያዩታል።

«አባይነሽ፣ ይህ ጥርስ የሚይዘው በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለምን እንዲህ እንደሆነ ገና አላወቅሁም፤ ጥፋቱ ግን የእኔ እጅ ነው። ሌላ እቆርጥልሻለሁ።»

«አንተ? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኮ...»

«ሠላሳ ዓመት ሌላ ነገር ነው። ይህኛው ተሳስቷል።»

በማንም አላመካኘም፤ በብረቱም በማሽኑም አላሳበበም። ሙሉቀን በገጽ ስድሳ አንድ ላይ በጥንቃቄ የጻፈው ዓረፍተ ነገር በሙሉ ታወሰው።

«ና እስቲ» አለው ጋሽ ክብሩ፤ «መጽሐፍ ካለህ እኔም መጽሐፍ አለኝ።»

ቶርኖ ቤቱም በመብራቱ መጥፋት ጸጥ ብሏል። ጋሽ ክብሩ ከመሳቢያው ውስጥ ጠርዙ በዘይት የወየበ ትልቅ ደብተር አወጣ። በየገጹ የተለጠፉ ወረቀቶች አሉ፤ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ትይዩ የሆኑ ሰያፍ የቀለም መስመሮች ይታያሉ፤ ከሥራቸው ቀንና የባለቤት ስም ተጽፏል። የእትዬ አባይነሽን ገጽ ገለጠ።

«የተሰበረ ጥርስ ሲመጣልኝ ጫፉን ቀለም እቀባዋለሁ» አለ። «ከዚያ በወረቀት ላይ በማስመሪያ አስደግፌ አንከባልለዋለሁ። ጥርሱ መስመር ይጥላል። የመስመሩን ዘመምታ እለካለሁ። ይኸው፤ አሥራ ስድስት ዲግሪ ከስድስት ደቂቃ። ከቀለሙ ላይ አንድ ዲግሪ እቀንሳለሁ፤ አሥራ አምስት ከስድስት። በዚያ እቆርጣለሁ።»

«አንድ ዲግሪ ለምን ይቀነሳል?»

«አለቃዬ ጋሽ በኃይሉ ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ‹ቀለም ይዋሻል፤ አንድ ዲግሪ ቀንስለት› ይሉ ነበር። እርሳቸውም ሲጀምሩ ከአለቃቸው ያገኙት ነው።»

ሙሉቀን ከቦርሳው የፋብሪካውን መመሪያ ቅጂ አወጣ። ከእትዬ አባይነሽ ተውሶ ያስነሣው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ገልጦ በደብተሩ አጠገብ አኖረው። በመመሪያው ላይ የጥርሱ ዘመምታ አሥራ አምስት ዲግሪ ይላል፤ የዲግሪ ስድሳኛ የሆነው ደቂቃ የለውም። ሁለቱ ጽሑፎች በአምስት መቶ እርምጃ ርቀት ሲኖሩ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኝተው አያውቁም ነበር።

«አለቃዎ እውነታቸውን ነው፣ ቀለም ይዋሻል» አለ ሙሉቀን ቀስ ብሎ። «ቀለሙ የሚያርፈው በጥርሱ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ ከመካከለኛው ዘንግ ስለሚርቅ ዘመምታው በጥርሱ መካከል ካለው ይበልጣል። ጥርስ ደግሞ የሚናከሰው በመካከሉ ነው። ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን የጥርሱ ቁጥር ይወስነዋል። ትንሽ ፒኞን ላይ ብዙ ይዋሻል፤ ትልቅ ኮሮና ላይ ጥቂት።»

በወረቀት ጠርዝ ላይ አሰላ። ለሃያ አምስት ጥርስ የሚቀነሰው አንድ ዲግሪ ከስድስት ደቂቃ ሆነ። ለኮሮናው፣ ለሰባ አምስት ጥርስ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ብቻ።

«ስድስት ደቂቃ!» አለ ጋሽ ክብሩ። «የዲግሪ አንድ አሥረኛ። ያቺ ናት እኔን በአባይነሽ ወረፋ ፊት ያቆመችኝ?»

«በስድሳ ሚሊሜትር ስፋት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ክፍተት ትፈጥራለች።»

ጋሽ ክብሩ ከደብተሩ አንድ ገጽ በሁለት ጣቱ መካከል ይዞ አሻሸው። «የዚህ ውፍረት?»

«በትክክል የዚህ ውፍረት።»

«እሺ። ታዲያ ሠላሳ ዓመት እንዴት አልጮኸብኝም? መቶ ጥርስ ቆርጬበታለሁ፤ ይኸው ደብተሩ።»

ይህን ሙሉቀን አላወቀም። መልሱን ያገኘው ጋሽ ክብሩ ራሱ ነው፤ ደብተሩን ወደ ኋላ እየገለጠ ሳለ እጁ ቆመ።

«ጥንድ» አለ። «ሁልጊዜ ጥንድ ነው የምቆርጠው። በዚህ ቤት ጥርስ ያለ አቻው አይቆረጥም፤ አለቃዬም እንደዚያው ነበሩ። ከአንዱ ላይ ቀለሙን አነሣለሁ፣ አንድ ዲግሪ እቀንሳለሁ፣ በዚያው ቁጥር ሁለቱንም እቆርጣለሁ።»

«ስለዚህ ሁለቱም እኩል ይሳሳታሉ።»

«እኩል ተሳስተው ይስማማሉ። አባይነሽ ግን ‹ኮሮናው ደህና ነው፤ ደህና ጥርስ ከታመመው ጋር አይነቀልም› ብላ ለመነችኝ። እውነቷን ነው፣ ደህና ነበር። እኔም ፒኞኑን ብቻ ቆረጥኩ። የፋብሪካ ጥርስ ላይ ስገጥመው ተጋለጥኩ።» ደብተሩን ዘጋ። «አዲሱን እስከ ሐሙስ አደርስልሃለሁ። አንተስ? ሥራህ ዓርብ ያልቃል አሉኝ።»

«አዎን። ግን... እኔም የማስተካክለው አንድ ቁጥር አለ። ሳልለካው የጻፍኩት።»

ጋሽ ክብሩ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አየው። «ማን ፊት ነው የምትናገረው?»

«አንዲት መምህሬ ፊት።»

«አንዲት ሰው ብቻ? እኔ እኮ ወረፋ ሙሉ ሰው ፊት ነው የተናገርኩት። ሂድ እንጂ፤ ምን ትጠብቃለህ?»

ሙሉቀን ረቡዕን አልጠበቀም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የዶክተር ሰብለን በር አንኳኳ፤ ቆሞ ተናገረ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሁለት የሚለውን ቁጥር ከየትም እንዳልወሰደው፣ መስመሮቹ እንዲገጥሙለት ብቻ እንደ ጻፈው፣ ከሥሩ ያለው ዓረፍተ ነገርም ሐሰት እንደ ሆነ አንድ በአንድ ነገራት። ቀጥሎ ጥርሱን፣ ቀለሙንና ስድስቱን ደቂቃ አስረዳት።

ዶክተር ሰብለ ሁሉን ሰምታ ስትጨርስ ገጽ ስድሳ አንድን ከጥራዙ ነቅላ ሰጠችው።

«ነገ ልፈርምበት ነበር» አለች። «ደግሜ አንድ ቁጥር እንኳ ባልጠይቅህ ያልፍልህ ነበር። ይህን እንድታውቀው እፈልጋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ሦስተኛ ማራዘሚያ አልጠይቅልህም። ዓርብ ዓርብ ነው።»

«ካልደረሰስ?»

«ካልደረሰ አልደረሰም። የመጀመሪያውን ሥዕል፣ ያልገጠመውን፣ አታውጣው። አንባቢው ልዩነቱን ማየት አለበት። በል ሂድ፣ ጊዜ የለህም።»

ረቡዕን ሙሉ ቀን በሞዴሉ ላይ ዋለ። ማርገቢያውን ወደ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሰባት መለሰ። ከዚያም ለስድሳዎቹ ሞላዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሰፋ የሚሄድ ክፍተት ሰጣቸው፤ የመጨረሻው የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል። ስሌቱ ሲያልቅ ከስድሳው ሞላ አርባ ያህሉ ምንም ሳይሸከሙ ቀሩ፤ ሰማያዊውም መስመር ሳይገፉት በራሱ ተነሥቶ ሦስት ነጥብ አምስት ላይ ቆመ። ቀዩ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ነው። አልተሳሳሙም፤ ጎረቤት ግን ሆነዋል። ሔኖክ አሻግሮ አየና «የእኔው በርበሬ ይሻል ነበር» አለ። ሙሉቀን «ያንተው ወጡን እንጂ ስጋውን አይለውጥም» አለው። ሔኖክ በዚያ ቢሮ ውስጥ ከሙሉቀን አፍ ቀልድ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

አሁን የቀረው የአዲሱ ፒኞን ልኬት ነው። ሞዴሉ እውነት ከተናገረ፣ ጥርሱ ሲቃና ንዝረቱ ወደ አንድ ነጥብ ሁለት መውረድ አለበት። ካልወረደ ስለ ስድስቱ ደቂቃ የተጻፈው ሁሉ ሌላ ሰበብ ነው፤ ጥናቱም ያለ ማስረጃ ይቀራል።

ጋሽ ክብሩ ቃሉን ጠብቆ ሐሙስ በስምንት ሰዓት ፒኞኑን በእሳት አጠንክሮ አደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገጥሞ ክዳኑን ዘጋ። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ሄደ። ሐሙስ ማታም አልመጣም። ሙሉቀን ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው ቤቱ በእግሩ ሲመለስ በመንገዱ ላይ በየሱቁ ጄኔሬተር ይጮኻል፤ እያንዳንዱን በጆሮው እየለየ ጥርሱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሰያፍ ነው እያለ አለፈ።

ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ በጆንያ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። እትዬ አባይነሽ ወጣ ገባ እያለች ታየው ነበር።

«ጸልየሃል?» አለችው።

«ጸልያለሁ።»

«እንግዲያው ጥፍርህን አትብላ፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ማድረግ አይሆንም።»

መብራቱ ስድስት ሰዓት ላይ መጣ። ሞተሩ ተነሣ። ሙሉቀን ሴንሰሩን በለመደው ቦታ ለጠፈ፤ ግን ስክሪኑን ከማየቱ በፊት ለውጡን ሰማው። በሰከንድ ስድስት መቶ ጊዜ ይጮኽ የነበረው ቀጭን ፉጨት ጠፍቷል። የሚሰማው የእህሉ ኩርሽታና የቺንጋው ድምፅ ብቻ ነው። እትዬ አባይነሽ መዝሙሯን ጀምራ በመካከሉ አቋረጠች፤ ድምፅዋን ያለ ልክ ከፍ ማድረግ እንደማያስፈልጋት ገና መገንዘቧ ነበር።

ሴንሰሩ አንድ ነጥብ ሦስት አምስት አለ።

«ስንት ነበር ያልከው?» ብሎ ጠየቀ ጋሽ ክብሩ።

«አንድ ነጥብ ሁለት።»

«ታዲያ ትንሿ ትርፍ የማን ናት? የእኔ ናት ወይስ ያንተ?»

«አላውቅም። ‹አላውቅም› ብዬ እጽፋታለሁ።»

ጋሽ ክብሩ ራሱን ነቀነቀ፤ መልሱ እንዳልከፋው ከፊቱ ያስታውቅ ነበር።

ሙሉቀን የመጨረሻውን ገጽ እዚያው በጆንያው ላይ ጽፎ፣ በመናኸሪያው በር ባለ ማተሚያ ቤት አሳትሞ፣ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ዩኒቨርሲቲው ደረሰ። ዶክተር ሰብለ በኮሪደሩ ቆማ አዲሱን ገጽ ስድሳ አንድ ብቻ አነበበች፤ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አየች፤ ፈረመች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንጠልጥላ ሳለ ተቀበለችው፤ ማኅተሙንም ከመሳቢያ አውጥታ እንደገና ቀለም መንከር ነበረባት።

በማግስቱ ቅዳሜ ሙሉቀን ወደ ቶርኖ ቤቱ ሄደ። በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «እንደምን አደሩ» አለ።

«አሥራ ሁለተኛው ቀናህ» አለ ጋሽ ክብሩ። «ግባ።»

ሙሉቀን አንድ ትልቅ ካርቶን ወረቀት ዘርግቶ በጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከአሥራ አምስት እስከ ሰማንያ ድረስ የጥርስ ቁጥር በቁልቁል ተጽፏል፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ከቀለሙ ላይ የሚቀነሰው ዲግሪና ደቂቃ ሰፍሯል። ለአሥራ አምስት ዲግሪ ዘመምታ የሚሆን ነው፤ ለሃያና ለሃያ አምስት ዲግሪ ዘመምታ ሌላ እንደሚያመጣ ነገረው። ጋሽ ክብሩ መነጽሩን አውርዶ ጣቱን በዝርዝሩ ላይ አወረደ። ሃያ አምስትን አገኘ፤ አንድ ከስድስት። ሰባ አምስትን አገኘ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ። አርባን አገኘ፤ አርባ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሰ።

«የጋሽ በኃይሉ አንድ ዲግሪ የት ላይ ነው የምትውለው?»

ሙሉቀን ሃያ ሰባትንና ሃያ ስምንትን አሳየው። አንዱ አንድ ዲግሪ ከአንድ ደቂቃ ይላል፤ ሌላው ሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ።

ጋሽ ክብሩ ጣቱን በሁለቱ መስመሮች ላይ አሳረፈ።

«እንግዲያው መጀመሪያ የለካው ሰው በእጁ የያዘው ባለ ሃያ ስምንት ጥርስ ነበር» አለ። «ልክ ነበር። ለዚያ ለያዘው ልክ ነበር።»

ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ከሃያ ስምንት ቁጥር አጠገብ «በኃይሉ» ብሎ ጻፈ። ካርቶኑንም ጥርስ ከሚቆርጥበት ፍሬዛ በላይ ባለው ግድግዳ በአራት ምስማር መታው።